ንግሥቲቱ ያልሠራቻቸው የንግሥቲቱ ዘመን ቤቶች

ሰሞኑን ስለ እንግሊዝ የገጠር ትልልቅ ቤቶች የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው እምብዛም ስለማይገኝ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። አጻጻፉ ያምራል፣ ፎቶዎቹም ያምራሉ። ውስጡ ያለው መረጃ ግን አብዛኛው የተሳሳተ ነው፤ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ላላነበበው ሰው ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊው እንደሚሉት የቱዶር ዘመን ቤት ማለት ነጭ ግድግዳ ላይ ጥቁር እንጨት የተጋደመበት ቤት ነው። ትልልቆቹ ቤቶች የጦርነት ምሽጎች ነበሩ። ያሠራቻቸው ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ናት፤ ለክብሯም ሲባል በስሟ የመጀመሪያ ፊደል፣ በእንግሊዝኛው E ቅርጽ ተሠርተዋል። ንድፋቸው እንዳለ ከጣሊያን የተቀዳ ነው። መስኮታቸው የበዛው ጌቶቹ የመስኮት ግብር መክፈል እንደማያቅታቸው ለማሳየት ነው። ጌታው ከነአሽከሮቹ አዳራሽ ውስጥ አብሮ ይበላ ነበር። ስውር ክፍሎቹ ደግሞ ወርቅ መደበቂያ ናቸው።

በተራ እመልሳለሁ። አንዳንዱ ሁለት አረፍተ ነገር ይበቃዋል፣ አንዳንዱ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ከጸሐፊው ጋር የሚያጣላኝ ዋናው ነገር ግን አንድ ነው። እሳቸው ቤቶቹን ከዙፋን የወረዱ ስጦታዎች አድርገው አቅርበዋቸዋል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ አብዛኞቹ አዲስ ሀብታሞች በራሳቸው ገንዘብ፣ ገንዘቡ ሲያልቅም በብድር፣ ለታይታ ያቆሟቸው ናቸው። ይህን ካልያዝን መስኮቱም፣ አዳራሹም፣ ደረጃውም ትርጉም አይሰጠንም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«የቱዶር ቤት ጥቁርና ነጭ ነው» ከሚለው ልጀምር። እንዲህ ያለ ቤት አለ፣ አልክድም። ግን አንዱ ዓይነት ብቻ ነው። የቱዶር ዘመን ከ1485 እስከ 1603 ያለው ነው፤ የኤልሳቤጥ ዘመን የሚባለው የዚሁ የመጨረሻው 45 ዓመት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰው የሠራው አካባቢው በሰጠው ነገር ነው። ጫካ በሞላበት በቼሻየርና በዙሪያው በኦክ እንጨት ይሠራል። ጥሩ ድንጋይ ባለበት በሱመርሴትና በኖርዝሃምፕተንሺር በድንጋይ። ድንጋይ በሌለበት በምሥራቁ በኩል በጡብ። ኤሴክስ ያለው የሌየር ማርኒ የበር ማማ ጡብና የተተኮሰ ሸክላ ነው። ሱመርሴት ያለው ሞንታኪውት ደግሞ ከእግር እስከ ራሱ ወርቃማ ድንጋይ ነው። ጸሐፊው ሁለቱንም አላነሱም።

የእንጨቱን ቤት ካነሳን ደግሞ ሊትል ሞርተን ሆልን በደንብ ማየት ነው። ቼሻየር ውስጥ፣ ዙሪያውን ውኃ የሞላበት ቦይ የከበበው ቤት ነው። ጠማማ ነው። ያውም ፎቶ ላይ እንኳ የሚታይ ጠማማነት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የኦክ ምሰሶና አግዳሚ ይቆማል፣ በመሃሉ ቀጫጭን እንጨት ይጠላለፋል፣ ከዚያ ጭቃ ይመረግበታል። ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ኢትዮጵያዊ ግድግዳውን አይቶ አይደነቅም፤ የሚደነቀው በምሰሶው ውፍረት ነው። ቤቱ የጠመመው ባለቤቶቹ ዘግየት ብለው፣ በኤልሳቤጥ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ከላይ ረጅም የመንሸራሸሪያ ክፍል ስለጨመሩበት ነው። የታችኛው ክፍል ያን ክብደት እንዲሸከም ታስቦ አልተሠራም። ግን ያኔ ረጅም ክፍል የሌለው ሰው ኋላ ቀር ነው። ስለዚህ ጫኑበት።

እዚሁ ቤት ግቢ ውስጥ መስኮቶቹ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። መስኮቶቹን ዊሊያም ሞርተን በ1559 እንዳሠራቸው ይናገራል። ቀጥሎ ደግሞ ሪቻርድ ዴል የተባለ አናጢ በእግዚአብሔር ጸጋ እንደሠራቸው ይጨምራል። አናጢው ስሙን ከጌታው ስም እኩል አስቀረጸ ማለት ነው። ይህን አናጢ በኋላ እንፈልገዋለን።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ያ ድምቅ ያለው ጥቁርና ነጭ በአብዛኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፋሽን ነው። ቀድሞ እንጨቱ ሳይቀባ ይተውና በጊዜ ብዛት ወደ ግራጫ ይለወጥ ነበር፤ ልስኑም ብዙ ጊዜ ቢጫ ወይም ክሬም መሰል ነበር። ለንደን የምትኖሩ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ በከተማው ዳርቻ ረድፍ በረድፍ የምታዩአቸው ጥቁርና ነጭ ቤቶች አብዛኞቹ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የተሠሩ ናቸው። ብዙዎቹ ላይ ጥቁሩ እንጨት የተለጠፈ ጣውላ ነው፣ ምንም አይሸከምም። መሃል ከተማ ያለው ሊበርቲ የሚባለው ትልቅ ሱቅ ከነእንጨቱ የ1924 ሕንፃ ነው። እሱ እንኳ እንጨቱን ያገኘው ከፈረሱ ሁለት የጦር መርከቦች ነው። ጸሐፊው በፎቶ ካቀረቧቸው የ«ቱዶር» ቤቶች አንዱ የሊበርቲ ፎቶ መሆኑን ሳይ ሳቅ አምልጦኛል።

ምሽግ ናቸው ወደሚለው እንለፍ። ማማ አላቸው፣ ጥርስ ጥርስ ያለው የግንብ ጫፍ አላቸው፣ አንዳንዶቹ የውኃ ቦይ አላቸው። እውነት ነው። ግን በዚያ ዘመን መድፍ የሚችል ምሽግ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ሰው ኬንት የባሕር ዳርቻ ይሂድ። ሄንሪ 8ኛ ከፈረንሳይና ከስፔን በኩል ወረራ ፈርቶ ከ1539 ጀምሮ ያሠራቸው ዲልና ዎልመር እዚያ አሉ። አጭር፣ ክብ፣ ወፍራም፣ ከመድፍ አፍ በቀር ክፍተት የሌላቸው። አስቀያሚ ለማለት ይቀለኛል፤ ግን ሥራቸውን ያውቃሉ። አሁን ደግሞ የገጠሩን ቤት እዩ። ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው። በመስታወት ማን ይዋጋል?

በሽግግሩ ላይ የቆመ አንድ ቤት ግን አለ፣ ቶርንበሪ። የቡኪንግሃሙ መስፍን በ1510ዎቹ ያስጀመረው ነው። በውጭ በኩል ማማውና የቀስት ቀዳዳው የድሮ ግንብ ያስመስለዋል። በአትክልቱ በኩል ስትዞሩ ግን ተጣጥፎ ወደ ውጭ የወጣ ግዙፍ መስኮት ይጠብቃችኋል። መስፍኑ በ1521 አንገቱን ተቀላ፤ ቤቱም ሳያልቅ ቀረ። ለዙፋኑ በደም የሚቀርብ ሰው ግንብ የሚመስል ቤት መሥራቱ ለሄንሪ ደስ የሚል ነገር አልነበረም። ከእሱ በኋላ የመጡት ማማውን ለጌጥ ብቻ አስቀሩት። በርሊ ሀውስ ላይ የጭስ መውጫዎቹ ሳይቀሩ የጥንት ሮማ ዓምድ መስለው ተሠርተዋል። ሎንግሊት ጣሪያ ላይ ያሉት ትንንሽ ማማዎች ደግሞ እንግዶች ከራት በኋላ ወጥተው ጣፋጭ የሚበሉባቸው ክፍሎች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ መጣን። «ቤቶቹን ያሠራቻቸው ንግሥት ኤልሳቤጥ ናት።»

ኤልሳቤጥ በ45 ዓመት ግዛቷ አንድም አዲስ ቤተ መንግሥት አልሠራችም። ለምን ትሥራ? አባቷ ሄንሪ 8ኛ ሲሞት ከ50 በላይ ቤት ትቷል። ያውም በገንዘብ ነገር እጇ የማይፈታ ሴት ነበረች። በበጋ ከነአጀቧ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ጋሪ አስከትላ፣ ከመኳንንት ቤት ወደ መኳንንት ቤት ትዞራለች። አስተናጋጁ ያበላል፣ ያጠጣል፣ ስጦታ ይሰጣል። ቤቱ ካነሰ ያሰፋል። ዊሊያም ሲሲል፣ ዋና አማካሪዋ፣ ቲቦልድስ የሚባለውን ቤቱን በመጠነኛ አሳብ እንደጀመረውና ንግሥቲቱ ደጋግማ ስለመጣች እያደገ እንደሄደ ራሱ ጽፏል። የቅሬታና የኩራት ቅልቅል ያለበት አነጋገር ነው። ሚኒስትር ሆኖ መኖር ቀላል አልነበረም።

ክሪስቶፈር ሃተን የባሰ ነው። ሆልደንቢ ላይ በዘመኑ ከነበሩት የግል ቤቶች ግዙፍ ከሚባሉት አንዱን ሠራ። ንግሥቲቱ ካላረፈችበት እኔም አላድርበትም አለ። በ1591 ሲሞት ለዚያችው ንግሥት ዘውድ ከባድ ዕዳ ነበረበት። የቤቱ አብዛኛው ክፍልም ከእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ፈረሰ። እና ጸሐፊው «የንግሥቲቱ ችሮታ» ያሉት ይህን ነው?

ታዲያ ገንዘቡ ከየት መጣ? ትልቁ መነሻ የገዳማቱ መሬት ነው። ከ1536 እስከ 1540 ባለው ጊዜ ሄንሪ 8ኛ ወደ 800 የሚጠጉ ገዳማትንና የመነኮሳት ቤቶችን ዘጋ። መሬቱን ወሰደ፣ ብዙውንም ሸጠው። የገዙት የድሮ ባላባቶች ብቻ አይደሉም፤ ጠበቃ፣ ነጋዴ፣ የመኳንንት ቤት አዛዥ የሆነ ሰው ሁሉ ገዛ። ሌኮክን የገዛው ዊሊያም ሻሪንግተን የመነኮሳይያቱን ቤተ ክርስቲያን አፈረሰና የቀረውን መኖሪያ አደረገው። እስከ ዛሬ ከታች የገዳሙ ቅስት ኮሪደር፣ ከላይ ደግሞ የሀብታም ቤት ሆኖ ቆሟል። ሰውየው ኋላ የብሪስቶል ሳንቲም ማምረቻ ኃላፊ ሳለ በሳንቲም ማጭበርበር ተይዟል። የአዲሱ ሀብታም ነገር እንዲህ ነው።

ሎንግሊትም እንደዚሁ ገዳም ነበር። ጆን ቲን፣ የሱመርሴት መስፍን ቤት አዛዥ፣ በ1541 በ53 ፓውንድ ገዛው። ሠራ፣ አፈረሰ፣ እንደገና ሠራ። በ1567 ተቃጠለበት። ደግሞ ጀመረ። በ1580 ሲሞት ገና ሥራ ላይ ነበር። ወላተንን ያሠራው ፍራንሲስ ዊሎቢ ሀብቱ ከመሬቱ ሥር የሚወጣ የድንጋይ ከሰል ነው፤ ከ1580 እስከ 1588 ሠራና በዕዳ ተዘፈቀ። የሞንታኪውቱ ኤድዋርድ ፌሊፕስ ጠበቃ ነው። ገዳም፣ ከሰል፣ የሕግ ሙያ። ጸሐፊው አንዱንም ሳይጠቅሱ ስለ «ንጉሣዊ ሀብት» ሦስት አንቀጽ ጽፈዋል።

የፊደሉን ነገር ባጭሩ ልጨርሰው። እውነት ነው፣ ብዙ ቤቶች ከላይ ሲታዩ አንድ ጀርባና ሦስት ጥርስ ያለው ፊደል ይመስላሉ። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። መሃል ላይ አዳራሽ አለ፣ ግራና ቀኝ ክንፍ አለ፣ በሩ ላይ ዝናብ መከላከያ በረንዳ ይወጣል። ጨረስን። እንዲህ ያለው አቀማመጥ እየተለመደ የመጣው ንግሥቲቱ ከመንገሧ በፊት ጀምሮ ነው። በዘመኑ በፊደል መጫወት አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ጆን ቶርፕ የሚባል የቤት ንድፍ ሠሪ የገዛ ስሙን ሁለት መነሻ ፊደላት ቅርጽ የያዘ ቤት ነድፎ፣ ይህ ለእኔ መኖሪያ ነው ብሎ ግጥም ጽፎበታል። ግን እሱ እንኳ ለራሱ ነው እንጂ ለንግሥቲቱ አላለም።

«ንድፉ ከጣሊያን የተቀዳ ነው» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። የጣሊያናዊው ሴርሊዮ የሥነ ሕንፃ መጻሕፍት ከ1537 ጀምሮ ታትመው እንግሊዝ ገብተዋል። ጆን ሹት የተባለ ሰው በ1550 ጣሊያን ተልኮ፣ ተመልሶ በ1563 ስለ ዓምድ ዓይነቶች መጽሐፍ አሳትሟል። ከሎው ካንትሪስም (ከዛሬዎቹ ኔዘርላንድስና ቤልጂየም አካባቢ) የጌጥ ሥዕል መጻሕፍት ይመጡ ነበር፤ ወላተን ላይ የሚታየው የተጠማዘዘ ጌጥ ብዙው ከዚያ የተወሰደ ነው። ሎንግሊት ላይ አለን ሜናርድ የሚባል ፈረንሳዊ ድንጋይ ጠራቢ ሠርቷል። ሁሉም እውነት ነው።

ግን እነዚህ መጻሕፍት የሚሰጡት ጌጥ ነው። ቤቱን አንድ አድርጎ የሚያቆመው ሰው ማን ነው? የሊትል ሞርተኑን አናጢ አስታውሱት። በዚያ ዘመን ቤት የሚነድፈው ከሥራው የወጣ ዋና ግንበኛ ወይም አናጢ ነው፤ ከባለቤቱ ጋር እየተጨቃጨቀ። የሁሉም ቁንጮ ሮበርት ስሚትሰን ነው። ድንጋይ ጠራቢ ነበር። በ1568 ሎንግሊት ገባ፣ ከዚያ ወላተንን ሠራ፣ የሃርድዊክም ንድፍ የእሱ እንደሆነ ይታመናል። በ1614 ሞቶ ወላተን ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ፤ መቃብሩ ላይ የወላተንና የሌሎች ታላላቅ ቤቶች አርክቴክትና ቀያሽ ተብሎ ተጽፎለታል። ድንጋይ ሲጠርብ ላደገ ሰው ይህ ትልቅ ማዕረግ ነው። የስሚትሰንን ቤቶች የሚመስል ቤት ጣሊያን ውስጥ የለም። ጣሊያን ፀሐይን ይከላከላል፤ ስሚትሰን ያለችውን ትንሽ ፀሐይ ለማጥመድ ግድግዳውን ሁሉ ከፈተ።

ይህ ወደ መስኮቱ ይወስደናል። የመስኮት ግብር እንግሊዝ ውስጥ የተጣለው በ1696 ነው። ኤልሳቤጥ ከሞተች ከ93 ዓመት በኋላ! ስለዚህ ስለ ግብሩ የተጻፈው በሙሉ ይሰረዝ። መስታወቱ ራሱ ግን በቂ ምስክር ነው። ጥሩ መስታወት ውድ ነበር፤ ብዙውም ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበር። በ1567 ዣን ካሬ የተባለ ሰው ፈቃድ አግኝቶ ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ካለው ከሎሬን መስታወት ሠሪዎች አምጥቶ አገር ውስጥ ማምረት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ነው መስኮቱ ያበደው። ያም ሆኖ መስታወቱ በትንንሽ ቁራጭ ተሠርቶ በእርሳስ ዘንግ የተያያዘ ነው። አንድ ትልቅ መስኮት በመቶዎች የሚቆጠር ቁራጭ አለው።

ሃርድዊክ ሆልን እንየው። ይህን ቤት ጸሐፊው በአንድ መስመር አልፈውታል፤ እኔ ትንሽ ልቆይበት ነው።

ባለቤቷ ቤስ ናት፣ የሽሩስበሪ ካውንቴስ። ከመካከለኛ የገጠር ባላባት ቤት ተወልዳ፣ አራት ባል አግብታ፣ አራቱንም ቀብራ፣ በእያንዳንዱ ሀብቷ እየጨመረ የሄደ ሴት። አራተኛው ባሏ በ1590 ሲሞት ከኤልሳቤጥ ቀጥሎ በአገሩ ካሉ ሴቶች ሁሉ ሀብታም ሆነች። ያኔ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ጎን ላይ የጀመረችው ሌላ ቤት ገና አላለቀም። እሷ ግን አዲስ አስጀመረች። በ1597 ገባችበት። ድንጋዩ ከራሷ ካባ፣ እንጨቱ ከራሷ መሬት ነው። ስድስት ማማ አለው፤ በየማማው ጫፍ ላይ የስሟና የማዕረጓ መነሻ ፊደላት ከነዘውዱ በድንጋይ ተጠርበው ሰማይ ላይ ቆመዋል። ከሩቅ ይነበባሉ። ፊደሉ የኤልሳቤጥ ነው ቢሉኝ እስማማለሁ፤ ግን የየትኛዋ ኤልሳቤጥ? ቤስም ስሟ ኤልሳቤጥ ነው።

መስኮቶቹ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር ይረዝማሉ። መሬት ላይ ያሉት አጭር፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያሉት ግዙፍ። ምክንያቱም ክብሩ ያለው ላይ ነው። ከደጅ ሆኖ የሚያይ ሰው የት ፎቅ ላይ ምን እንዳለ በመስኮቱ ያውቃል። እና አንዳንዶቹ መስኮቶች ውሸት ናቸው! መስታወቱ አለ፣ ከኋላው ግን ግድግዳ ወይም የጭስ መውጫ ነው። የውጩ መልክ እኩል እንዲሆን ሲባል ብቻ የተሰኩ። ለብርሃን ቢሆን ኖሮ ማን ግድግዳ ፊት መስታወት ይገጥማል? ታይታ ማለት ይህ ነው።

«ጌታው ከአሽከሮቹ ጋር አዳራሽ ውስጥ ይበላ ነበር» የሚለውም እዚሁ ይመለሳል። ጸሐፊው የገለጹት ከኤልሳቤጥ ዘመን ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ የነበረውን ወግ ነው። በድሮው ቤት አዳራሹ ሁሉም ነገር ነው። መሃሉ ላይ እሳት ይነዳል፣ ጭሱ በጣሪያ ይወጣል። ጌታው ከፍ ባለው መደብ ላይ ይቀመጣል፣ ሰዉ ከታች በየማዕረጉ ተደርድሮ ግብር ይበላል። በኋላ ግን ምድጃው ወደ ግድግዳ ተጠጋ፣ በጡብ የተሠራ ጭስ መውጫ መጣ። ጭስ መውጫ ሲመጣ በአዳራሹ ላይ ፎቅ መሥራት ተቻለ፤ በየክፍሉም እሳት ማንደድ ተቻለ። ጌታው ቀስ እያለ ወደ እልፍኙ ወጣ። እንግዳውንም ይዞ ወጣ። አዳራሹ ለአሽከርና ለመተላለፊያ ቀረ።

ሃርድዊክ ላይ ይህ ነገር በግልጽ ይታያል። የድሮ አዳራሽ ከቤቱ ፊት ጋር ትይዩ ሆኖ ይጋደማል፣ መግቢያውም በጎን ነው። እዚህ ግን ዞረ፤ ከፊት በር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሚዘልቅ ሆነ። ገባ ብሎ የሚታለፍበት ቦታ። ከዚያ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ እየተጠማዘዘ በቤቱ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። መጀመሪያ ፎቅ የቤስ የራሷ ክፍሎች ናቸው። የክብር እንግዳ ይህን አልፎ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያለው ታላቁ እልፍኝ ድረስ ይወጣል። እዚያ ግድግዳው ዙሪያ በኖራ የተቀረጸ ባለ ቀለም ጫካ አለ፤ ዛፉ፣ አውሬው፣ የአደን አምላክዋ ዲያና። ምድጃው ላይ የንግሥቲቱ አርማ አለ። ወጥ ቤቱ ደግሞ ምድር ቤት ነው። ስለዚህ ራቱ በአሽከሮች ሰልፍ ያን ሁሉ ደረጃ ይወጣ ነበር። ትኩስ ሆኖ ይደርስ ነበር ብላችሁ ነው? እኔ አይመስለኝም። ግን ሰልፉ ራሱ ከምግቡ በላይ ነው።

ማን እንዲያየው? ቤስ የልጅ ልጇን አርቤላ ስቱዋርትን እዚህ አሳድጋለች። አርቤላ በደም ዙፋኑን መጠየቅ የምትችል ልጅ ነበረች። አያቲቱ ምን ታስብ እንደነበር መገመት አይከብድም። ዙፋኑ ግን ለስኮትላንዱ ንጉሥ ለጄምስ ሆነ። ኤልሳቤጥም ሃርድዊክን አንድ ቀን አልረገጠችውም። ጸሐፊው «ንግሥቲቱ የምትወደው ማረፊያ» ያሉት ቤት ይህ መሆኑን ልብ በሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለምወደው ነው። ከእልፍኙ ቀጥሎ 50 ሜትር ገደማ የሚረዝም የመንሸራሸሪያ ክፍል አለ፤ ግድግዳውን የጌዴዎንን ታሪክ የሚተርኩ 13 ግዙፍ ባለ ሥዕል ስጋጃዎች ሸፍነውታል። ቀድሞ የማን ነበሩ? በዕዳ የሞተው የሃተን። ቤስ በ1592 ከወራሹ ገዛቻቸው። የሃተን አርማ አለበት ብላ ተከራክራ 5 ፓውንድ አስቀነሰች። ከዚያ አርማው ላይ የራሷን በጨርቅ ሥላ አስለጠፈችበት። የሃተን ምልክት ሴት አጋዘን ነበረች፤ ቤስ ቀንድ ጨምራላት የሁለተኛ ባሏን የካቨንዲሽን ቤተሰብ ወንድ አጋዘን አደረገችው። አንዱ አዲስ ሀብታም ሲወድቅ ሌላው እንዴት እንደሚነሳ ከዚህ ቀንድ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ስውር ክፍሎቹ የወርቅ መደበቂያ ናቸው የሚለው ግን ትንሽ አናዶኛል። የሰው ሕይወት ያለፈበት ጉዳይ ስለሆነ ነው። ከ1585 ጀምሮ የካቶሊክ ካህን ሆኖ እንግሊዝ መገኘት በሞት ያስቀጣል፤ ያስጠለለውም እንደዚሁ። ስለዚህ ካቶሊክ ባላባቶች ቤታቸው ውስጥ የካህን መደበቂያ አሠሩ። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ኒኮላስ ኦወን ነው፤ ሰውነቱ ትንሽ፣ እግሩ የሚያነክስ፣ የኦክስፎርድ አናጢ ልጅ። የኢየሱሳውያን ማኅበር ወንድም ነበር፤ እኛ ከሱስንዮስ ዘመን የምናውቃቸው እነዚያው ኢየሱሳውያን። ብቻውን፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ይሠራ ነበር። ሃርቪንግተን ሆል የእሱ ሥራ ነው ተብሎ የሚታመን መደበቂያ አለ፦ ግድግዳው ውስጥ ያለ የእንጨት ምሰሶ እንደ በር ይከፈታል፣ ሰው ተጣጥፎ ይገባል። ሌላው ደረጃው ውስጥ ነው፤ ሁለት እርከን እንደ ክዳን ይነሳል። ባድስሊ ክሊንተን ላይ በ1591 ፈታሾች ሲመጡ ካህናቱ በፍሳሽ ቦይ ውስጥ እግራቸው ውኃ ውስጥ ሆኖ ለአራት ሰዓት ያህል ቆመዋል። ኦወን በ1606 ተይዞ በለንደን ግንብ እስር ቤት በስቃይ ምርመራ ሞተ። የሠራቸውን መደበቂያዎች አልተናገረም። የወርቅ መደበቂያ ነው የሚሉን እንግዲህ ይህን ነው።

እምነቱን በግልጽ በድንጋይ ያቆመም አለ። ቶማስ ትሬሻም በካቶሊክነቱ ለዓመታት ታስሮ፣ ከባድ ቅጣትም ከፍሎ፣ ሲፈታ ረሽተን ላይ በ1593 አንድ ትንሽ ቤት አስጀመረ። ሦስት ጎን፣ ሦስት ፎቅ፣ በየጎኑ ሦስት ጣሪያ ጫፍ፣ መስኮቱ ሳይቀር ሦስት ቅጠል። ሥላሴን ነው። ለባለሥልጣን ሲጠየቅ የጥንቸል እርባታ ጠባቂ ቤት ነው ማለት ይቻላል፤ በእርግጥም ጠባቂው ይገለገልበት ነበር። ከዘመኑ ቤቶች ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ።

የቀረው የሽፋኑ ፎቶ ነው። ጸሐፊው «የኤልሳቤጥ ዘመን ምርጥ ምሳሌ» ብለው ከላይ የሰቀሉት ሃትፊልድ ሀውስን ነው። ሃትፊልድ የተሠራው ከ1607 እስከ 1611 ነው፤ ንግሥቲቱ በ1603 ሞታለች። ያሠራው የዊሊያም ሲሲል ልጅ ሮበርት ነው፤ ጄምስ ቲቦልድስን ወዶት በልዋጭ ሃትፊልድን ስለሰጠው። ኤልሳቤጥ ያደገችበትና በ1558 መንገሧን የሰማችበት ቤት እዚያው ግቢ ውስጥ ያለው ቀዩ የጡብ ቤት ነው። አራት ጎን ነበረው፤ ሮበርት ሲሲል ሦስቱን አፍርሶ ጡቡን ለአዲሱ ቤት አዋለው። አንዱ ጎን ዛሬም አለ። ጸሐፊው ፎቶውን መቀየር ከፈለጉ ያንን ያንሱ።